ለእሑድ አጥቢያ በአይሮፕላን ጣቢያ አጠገብ

በአገራችን የእግዜር እንግዳ የሚባል ሰው አለ። መንገድ ላይ ሳለ የመሸበት ሰው ከአንዱ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ ሲጣራ ባለቤቱ «ቤቱ የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ይለዋል። እግሩን ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርብለታል፤ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል፤ ሲነጋም መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ልማድ በዓይኑ ያላየ ወጣት ቢኖር እንኳ ከአባቱ ወይም ከአያቱ ሳይሰማ አልቀረም። በዛሬው ዘመን ግን ሌላ ዐይነት እንግዳ ተፈጥሯል። ይህኛው መሽቶበት ሳይሆን ሳይነጋ መሄድ ስላለበት፥ ዘመድ አጥቶ ሳይሆን ዘመዱን ትቶ፥ በአይሮፕላን ጣቢያ አጠገብ ክፍል ተከራይቶ የሚያድር ሰው ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ስታዘበው ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ግን እኔው ራሴ እርሱን ሆንሁና ትዝብቴ ወደ ራሴ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በደሴ ከተማ ነው። በስዊድን አገር የምትኖረው ልጄ ወልዳ ስለ ነበር የልጅ ልጄን ለማየት ጕዞ ተነሣሁ። ቲኬቱን የቈረጠችልኝ እርሷው ናት፤ ዋጋው ቀለል ያለውን ስትፈልግ በዐረብ አገር በኩል የሚያልፈውን የሌላ አገር አይሮፕላን አገኘች። ከኮምቦልቻ ተነሥቼ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ ገባሁ። የሚቀጥለው አይሮፕላን የሚነሣው በዚያው ሌሊት በ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል ስለ ተባለ በ7 ሰዓት ከ40 ከጣቢያው በር ላይ መገኘት ነበረብኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ አክስት አሉኝ። ቤታቸው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ80 ዓልፏል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ማንም ሰው እንደሚያስበው ያን ሌሊት ማደር የሚገባኝ እሳቸው ቤት ነበር። ዳሩ ግን ቍጭ ብዬ አሰብሁት። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቦሌ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሻገር ነው። በሌሊት 6 ሰዓት ተነሥቼ ቤተ ሰቡን ሁሉ ልቀሰቅስ ነው፤ ደጁ ሊከፈት፥ ውሻው ሊጮኽ፥ መኪና ሊጠራ ነው። አክስቴን ደግሞ ዐውቃቸዋለሁ። እኔን ለመቀስቀስ ሲሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ያድራሉ። ስለዚህ ላላስቸግራቸው ብዬ ከቦሌ አጠገብ ሆቴል ያዝሁ። ይህንንም በስልክ ነገርኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «እኔ ቤት ቍንጫ አለ ወይ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም እትዬ፤ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው እንጂ።»

«በኩፍኝ የተኛህ ጊዜ አስቸግረኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ሆቴል ነበር እንዴ የሄድኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ለእራት እንኳ ደርሼ ልመለስ ብዬ ነበር። ነገር ግን ዝናቡ ጠና፤ መንገዱም በመኪና ተጨናንቆ ነበርና ፈርቼ ቀረሁ። አንባቢ ይፍረደኝ።

ያደርሁበትን ሆቴል ስሙን አልጠራም። ከጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኝ መለስተኛ ቤት ነው። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ውሃው ሙቅ ነው፤ በዚህ በኩል የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁበትም። እንግዳ የምትቀበለዋን ልጅ «በ7 ሰዓት ትቀሰቅሱኛላችሁ» አልኋት። «እሺ አባባ» ብላ ከኮምፒዩተሯ ላይ ጻፈች። የእጅ ስልክን እንዲጮኽ አድርጎ መተኛት ልጆች የሚያውቁት ጥበብ ነው፤ እኔ ግን ሰው ካልቀሰቀሰኝ የማልተማመን ሰው ነኝና በእርሷ ላይ ጥዬው ተኛሁ። ተኛሁ ማለት ግን ያስነውራል። በኮሪደሩ ላይ ሻንጣ ሲጐተት፥ በር ሲዘጋ፥ አንዱ በፈረንሳይኛ አንዱ በዐረብኛ በስልክ ሲናገር እሰማለሁ። ሁሉም ለየራሱ ሰዓት የሚኖር ሰው ነው። አንዱ ሊተኛ ሲገባ ሌላው ተነሥቶ ይወጣል። እንደዚህ ያለ ቤት ሌሊት የሚባል ነገር የለውም። በመጨረሻ ግን ሳላውቀው እንቅልፍ ጣለኝ።

የነቃሁት በስልክ ጩኸት ነው። የሆቴሉ ስልክ ግን አልነበረም፤ የኪሴ ነው። አክስቴ ናቸው። «ተነሥተሃል ወይ?» አሉኝ። ሰዓቱን ባየው 7 ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ልብሴን እንደ ነገሩ ለብሼ ወደ ታች ወርጄ ልጅቱን «ምነው ሳትቀሰቅሱኝ?» ብላት ደነገጠችና ኮምፒዩተሯን አሳየችኝ። 7:00 ተብሎ ተጽፏል። ልጅቱ ሐሰት አልጻፈችም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። በፈረንጅ 7:00 ማለት በእኛ ጧት አንድ ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት የክፍሌ ስልክ ሲጮኽ እኔ ልሄድበት የሚገባኝ አይሮፕላን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከሁለት ሰዓት በላይ በረራ ጨርሶ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ሽሮ ሜዳ ላይ ነቅተው ባይጠብቁልኝ ኖሮ የልጅ ልጄን ክርስትና አላየውም ነበር ማለት ነው። ላላስቸግራቸው ብዬ ሆቴል ያደርሁባቸው አክስቴ፥ ሆቴል በማደሬ ዓይናቸውን ሳይከድኑ አደሩ።

ልጅቱን ግን አልነቅፋትም። ይህ ስሕተት የአንድ ሆቴል ስሕተት ብቻ አይደለምና። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓታችንን የምንቈጥረው ከፀሓይ ጋራ ነው። ፀሓይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ እንላለን፤ ይህም ለገበሬው፥ ለነጋዴውና ለተማሪው የተመቸ ቍጥር ነው። የአይሮፕላን ቲኬት ግን ዕለቱን የሚለውጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ «ቅዳሜ ሌሊት» የምንለውን ዘመን ቲኬቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ «እሑድ» ብሎ ይጽፈዋል። ከዚህም የተነሣ ስንት ሰው ጕዳት እንደ ደረሰበት እያንዳንዱ አንባቢ ከራሱ ሰፈር አንድ ምሳሌ አያጣም። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ቲኬቱ «እሑድ 00:50» ይላል ብሎ እሑድ ማታ በሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሸኚ ታጅቦ ቦሌ ደረሰ። አይሮፕላኑ የሄደው ባለፈው ሌሊት ነው። ሸኚዎቹ አንዴ አልቅሰው ጨርሰው ስለ ነበር እንደገና ማልቀስ አቃታቸውና ሣቁ። ሰውየው ግን አልሣቀም፤ ለአዲስ ቲኬት የሚከፍለው ገንዘብ ብድር ነበረና።

እኔን የሚገርመኝ ቋንቋችን ለዚህ ነገር ትክክለኛ ቃል ያለው መሆኑ ነው። «ቅዳሜ ሌሊት፥ ለእሑድ አጥቢያ» እንላለን። በዚህ አነጋገር የትኛው ሌሊት እንደ ሆነ ሕፃን እንኳ አይሳሳትም። ቲኬት የሚሸጡ ቢሮዎች ከፈረንጁ ቍጥር አጠገብ ይህችን አንዲት መስመር በአማርኛ ቢጽፉ ምን ይጐድልባቸዋል? ሆቴሎችስ መቀስቀሻ ሰዓት ሲጠየቁ «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ለመጠየቅ ስንት ገንዘብ ያወጣሉ? ይህ ጥያቄ በየቢሮውና በየሱቁ የሚጠየቅ ሆኖ ሳለ በጣም በሚያስፈልግበት ስፍራ መረሳቱ አይገባኝም።

ወደ ሆቴሉ ነገር ልመለስ። በአይሮፕላን ጣቢያ አጠገብ ማደር የዛሬ ፈጠራ አይምሰለን። አይሮፕላን ገና በሌሊት መብረር ባልደፈረበት ዘመን መንገደኛው የሚያድረው በየመንገዱ ነበር። ከሎንዶን ወደ ሕንድ ይሄድ የነበረው የእንግሊዝ አይሮፕላን መንገደኞች እንዲያድሩበት እ.ኤ.አ. በ1932 በሻርጃ ከተማ ምሽግ የመሰለ ማረፊያ ቤት ተሠራላቸው። ዙሪያው ግንብ ነው፤ ውስጡ አልጋና ማዕድ ቤት ነው፤ ከደጁ በረሓ ነው። ይህ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል። ከእኛ አገር ለሥራ ወደዚያ ከሄዱት እኅቶቻችን ብዙዎቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ይህ ቤት ቀድሞ የአይሮፕላን መንገደኛ ማደሪያ እንደ ነበረ የሚነግራቸው ያለ አይመስለኝም።

የኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ቲ.ደብልዩ.ኤ. በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ረዳትነት ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያን ጊዜ ጣቢያው ልደታ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ጄት መጣና የልደታው ሜዳ ስላልበቃው ወደ ቦሌ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ቦሌ ከከተማው ውጭ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ውጦታል። የልደታውም ጣቢያ ቢሄድ ስሙ አልሄደም፤ በዚያ አቅጣጫ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ ይጠራል። አይሮፕላን ጣቢያ ከሰፈር ይነሣል እንጂ ስሙን ይዞ አይሄድም መሰለኝ።

አሁን ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ጣቢያ አጠገብ ስካይላይት የተባለውን ሆቴሉን 373 ክፍል አድርጎ ከፈተ፤ በኋላም እያስፋፋ ከሺህ ክፍል በላይ አደረሰው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በኒው ዮርክ በኬኔዲ አይሮፕላን ጣቢያ ውስጥ 512 ክፍል ያለው ሌላ ሆቴል ተከፈተ፤ ስሙም ቲ.ደብልዩ.ኤ. ሆቴል ይባላል። ኤሮ ሳሪነን የተባለው ዝነኛ አርክቴክት ለዚያ ኩባንያ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተው የመንገደኞች አዳራሽ ነው ሆቴል የሆነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 በሌላ ኩባንያ ተጠቅልሎ ቀርቷል። እንግዲህ አሳዳጊው ሞቶ ቤቱ የእንግዳ ማደሪያ ሲሆን፥ ያሳደገው ልጅ በዚያው ዓመት የራሱን እንግዳ ማደሪያ ከፈተ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ጥቂትም አዝናለሁ።

ስካይላይት የተሠራበት ምክንያት የታወቀ ነው። ቦሌ በቀን ሁለት ጊዜ እንደ ገበያ ይሞላል። ከአውሮፓ፥ ከእስያና ከዐረብ አገሮች የመጡት አይሮፕላኖች ሲነጋጋ ያርፉና መንገደኞቻቸው ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች በሚነሡት ላይ ይከፋፈላሉ። የአፍሪካዎቹ ደግሞ ማታ ተመልሰው የያዙትን መንገደኛ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ለሚሄዱት ያስረክባሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ ገበያዎች አንዱ ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን እስኪያገኝ ብዙ ሰዓት መጠበቅ አለበት። ለእንደዚህ ያለው መንገደኛ ሆቴል መዘጋጀቱ የተመሰገነ ነው፤ ለአገርም ገቢ ነው። ከሌጎስ ወደ ጓንዡ የሚሄድ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ታጥቦ፥ በልቶና ተኝቶ ቢሄድ ስለ አገራችን በጎ ነገር ያወራል።

ነገር ግን እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከደሴ፥ ከጅማ፥ ከጎንደር፥ ከአርሲ ተነሥቶ በሌሊት የሚሄደው የአገሩ ሰውስ የት ይደር? ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይደር እንበል። ገንዘብ ያለውም ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ይደር። ሁለቱም የሌለው አለ።

ያን ሌሊት ከሆቴሉ መኪና ወርጄ ወደ መንገደኞች አዳራሽ ስሄድ ከመኪና ማቆሚያው ዳር በድንጋዩ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ሰባት ስምንት ልጃገረዶች አየሁ። ሁሉም አንድ ዐይነት ሻንጣ ይዘዋል፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። አንዷ ስትናገር ብሰማት አነጋገሯ የአገሬ ነው። «ልጄ፥ ከየት ነሽ?» አልኋት። ከደሴ ወዲያ ካለች ከአንዲት የገጠር ወረዳ ነች። በአውቶቡስ ተነሥታ አዲስ አበባ የገባችው በዋዜማው ነው፤ ያደረችው ከብዙ ሰው ጋራ በአንድ ክፍል ተጋፍታ ነው። በዚህ ከተማ ማንንም አታውቅም። ቅዳሜ በ9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ወደ ቦሌ መጥታ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከዚያች ድንጋይ ላይ አልተነሣችም። «ለምን እስኪመሽ እዚያው አልቈየሽም?» ብላት «አይሮፕላኑ ጥሎኝ እንዳይሄድ ፈርቼ» አለችኝ። ከዐሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል በላይ አስቀድማ መምጣቷ ነው። እኔ በሞቀ አልጋ ተኝቼ ሊያመልጠኝ የነበረውን አይሮፕላን እርሷ በብርድ ቁጭ ብላ ጠበቀችው፤ በአንድ አይሮፕላን ነበር የምንሄደውና።

በወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስሄድ የምታስጨንቀኝ ይህች ልጅ ነበረች። ሲነጋ ከማታውቀው ሰው ቤት ሥራ ልትጀምር ነው። አብራሪው ከመብረሩ በፊት ስንት ሰዓት ማረፍ እንዳለበት በሕግ ተወስኗል። ሕጉ መልካም ነው፤ የደከመ አብራሪ ማንም አይፈልግም። ለመንገደኛው ግን ሕግ የለውም፤ ሊኖረውም አይችል ይሆናል። ሆኖም የእግዜር እንግዳ ከተባለ እውነተኛው የእግዜር እንግዳ ያቺ ልጅ ነበረች እንጂ እኔ አልነበርሁም። «ቤቶች!» ብላ የምትጣራበት ደጅ ግን በዚያ ሁሉ መብራት መካከል አንድም አልነበረም።

«ታዲያ ለድኻ ሁሉ ሆቴል ይሠራ ልትል ነው?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። አይደለም። ሆቴል ማለት የግድ ትልቅ ክፍል፥ ምንጣፍና የመዋኛ ገንዳ ማለት አይደለም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1979 በኦሳካ ከተማ ሰው የሚተኛበትን ስፍራ እንደ ንብ ቀፎ ደራርበው ሠሩ፤ አንዱ ቀፎ ለአንድ ሰው መኝታ ብቻ የሚበቃ ነው። ይህ ዐይነት ማደሪያ ዛሬ ቶኪዮን በሚያገለግለው በናሪታ አይሮፕላን ጣቢያ ይገኛል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2007 በጋትዊክ ጣቢያ ትንንሽ ክፍሎችን በሰዓት ማከራየት ጀመሩ። አራት ሰዓት የሚተኛ ሰው የአራት ሰዓት ይከፍላል። በኛ አገር ግን ለአምስት ሰዓት እንቅልፍ የከፈልሁት የሙሉ ሌሊት ኪራይ ነው፤ በማግሥቱ እስከ ቀትር ድረስ ክፍሉ የእኔ ነበር አሉኝ። በማግሥቱ ቀትር እኔ ከሌላ ክፍለ ዓለም ነበርሁ። እርግጥ በአንዳንድ ሰፈር በሰዓት የሚከራይ አልጋ መኖሩን አንባቢ ያውቃል፤ የእርሱ ዓላማ እንቅልፍ ስላልሆነ እንተወው።

ይህን ነገር ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለ ስፍራ አዲስ የአይሮፕላን ጣቢያ እንዲሠራ ተወስኖ በ2018 ዓ.ም. ሥራው መጀመሩ ተበሥሯል። በመጀመሪያው ክፍል በዓመት 60 ሚሊዮን፥ ሲጠናቀቅም 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ታቅዷል። ስፍራው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንግዲህ ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ቦሌ መድረስ ያስፈራው ሰው ነገ ከሽሮ ሜዳ አቡሴራ ሊሄድ ነው። አንድ ሰው በሌሊት 10 ሰዓት ከ40 የሚበር ከሆነ ከቤቱ በስንት ሰዓት ይነሣ? ሸኚውስ ሸኝቶ በምን ይመለስ? የሚሸኝ ሰው ዛሬም ቢሆን አዳራሹ ውስጥ አይገባም፤ ከመኪና ማቆሚያው ተሰናብቶ ይመለሳል። ሸኚ የሌለበት ጕዞ ደግሞ በእኛ ዘንድ ጕዞ አይባልም። ሰዎች አንድ መንገደኛ ለመሸኘት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ሆነው መሄዳቸውን ነቀፋ አድርገው የሚጽፉ አሉ። እኔ ግን አልነቅፈውም። የሚሄደው ሰው ለአምስት ዓመትና ለዐሥር ዓመት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም አይመለስም። አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ፈንታ በእንባ ቢያልፍ አይበዛበትም።

የአዲሱን ጣቢያ ሥዕል የሚሥሉት ሰዎች ስለ ሆቴል ሳያስቡ እንደማይቀሩ ዐውቃለሁ፤ ለውጭ አገር እንግዳ ክብር የሚሆኑ ትላልቅ ሆቴሎች እንደሚቆሙ አልጠራጠርም። እኔ የምለምነው ከእነርሱ በታች አንድ ትልቅ አዳራሽ የመሰለ ማደሪያ እንዲጨመር ነው። አልጋው ጠባብ ይሁን፤ ዋጋው በሰዓት ይሁን፤ ለሴቶች የተለየ ክፍል ይኑረው፤ ሻንጣ የሚያኖሩበት ቍልፍ ያለው ሣጥን ይኑረው፤ ሻይና ዳቦ ይሸጥበት። ሸኚውም ከፈለገ እስኪነጋ ጋደም ብሎ በመጀመሪያው መኪና ይመለስበት። ከግድግዳው ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይሰቀል፤ አንዱ የኛ፥ አንዱ የፈረንጅ። ይህ ለጣቢያው ከሚወጣው ገንዘብ አንጻር ሲታይ የባሕር ጠብታ አያህልም። አልጋውን የሚይዘው ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ ዛሬ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ነውና።

ስለ አክስቴ ሳልናገር እንዳልቀር። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ አይሮፕላኑ ቦሌ ያረፈው ጧት በ12 ሰዓት ነው። ወደ ኮምቦልቻ የምሄድበት ደግሞ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት የሚነሣ ነበር። ሆቴል የሚባል ነገር በልቤ አላሰብሁም። በቀጥታ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድሁ። አክስቴ ከደጅ ወንበር ላይ ፀሓይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጕልበታቸውን ሳምሁ፤ የልጅ ልጄን ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩና «አፍንጫው የአባቴ ነው» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው «ሆቴሉ ምን አበላህ?» አሉኝ።

«ቍርስ ነበረው እትዬ። ግን የሚቀርበው ከነጋ በኋላ ነውና ሳልበላው ሄድሁ።»

ጥቂት ሣቁ። ቍርስ ቀረበልኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ጓዳ ወስደው አንድ አልጋ አሳዩኝ። አንሶላው ነጭ ነው፤ ጋቢው የታጠበ ነው። «ለዚያ ቅዳሜ ያነጠፍሁልህ ነው። ማንም አልተኛበትም» አሉ። ጫማዬን አውልቄ ለአንድ ሰዓት ያህል ጋደም ልል ተኛሁ። ስነቃ ቤቱ ጨልሟል፤ ከሩቅ ደወል ይሰማል። ሰዓቴን ባየው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ነው። የኮምቦልቻው አይሮፕላን ከሄደ ቈይቷል። ደንግጬ ወደ ሳሎን ወጣሁና «እትዬ፥ ምነው ሳይቀሰቅሱኝ?» አልኋቸው።

አክስቴ ቡና እየቈሉ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩኝ።

«መቀስቀስ የሆቴል ሥራ ነው» አሉኝ።